ፋኑ ሲነሳ የሚዘለው ቁጥር

ባኮ ሙቀቷ ያናድዳል። እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት ብርድ ሳይቆነጥጠኝ ከነቃሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ባኮ ግን ገና ከአልጋ ሳልወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ሸሚዝ ለብሰህ ነው እንዴ የምትተኛው እንዳትሉኝ። አዎ፣ ለብሼ ነው። የባኮ ቢንቢ ራቁቱን የተኛ ሰው ካገኘች ዘመድ ጠርታ ነው የምትመጣው።

ይሄን ሁሉ እያማረርኩ ባኮ ትናፍቀኛለች ብል ማን ያምነኛል? ማንም። ግን ትናፍቀኛለች። የበቆሎ ገለባ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ እስከ ዛሬ ቆም እላለሁ።

የሄድኩት ሁለት ሺህ አስር ህዳር ላይ ነው። አምቦ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ እማር ነበር። ትምህርቱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ አንድ ቀን እኔው ዘጋሁት። አንዱ አስተማሪ "አንተ ልጅ ምላስህ ከእጅህ ይቀድማል" ይለኝ ነበር። ይቅደማ! እጄም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። ሞተር እጠመጥማለሁ፣ ብሬከር እቀይራለሁ፣ የተቃጠለ ነገር በሽታው ብቻ አውቃለሁ። የሌለኝ ወረቀቱ ነው። ወረቀት ለሌለው ሰው ደግሞ አገሩ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ "እንደውልልሃለን" ነው፣ ሌላው ባኮ።

ሥራው የበቆሎ ዘር ማድረቂያ ውስጥ ነበር። የግል ነው። ገበሬው ለዘር ያመረተውን በቆሎ ከነቆረቆንዳው ያመጣል፣ ትልልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ ይገለበጣል፣ ከታች በናፍጣ የሚነድ ምድጃ አለ፣ አንድ የቤት በር የሚያክል ፋን ሙቁን አየር ወደ ላይ ይነፋዋል። በቃ ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ዘር ማለት የተኛ ሕፃን ነው። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ሕፃኑ እዛው ይሞታል። ካላሞቅከው ደግሞ እርጥብ ነው፣ አገሩ ባኮ ነው፣ ሻግቶ ያድርልሃል። ክፋቱ፣ የሞተው ዘር በዓይን አይለይም። ያው ነጭ ነው፣ ያው ያምራል። ብቻ አይበቅልም። ያኔ ዘር መባሉ ቀርቶ እህል ይሆንና ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት እንደ ማንም በቆሎ ይሰፈራል።

የኔ ሥራ ኤሌክትሪኩን መጠበቅና አንድ ቀይ ቁጥር ማየት ነበር። ቁጥሩ የሳጥኑን ሙቀት ነው የሚናገረው። የሚያወራው ደግሞ በቆሎው መሀል በተሰካ ቴርሞካፕል በሚባል ነገር ነው። ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ብረት ጫፋቸው ላይ ይበየዳል፤ ጫፉ ሲሞቅ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወልዳል። እንዴት ትንሽ? ከሱ ጋር ሲወዳደር የእጅ ባትሪ ድንጋይ ግልገል ጊቤ ነው። ያችን ሹክሹክታ ነው ማሽኑ ሰምቶ "ሠላሳ ስምንት" የሚለው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ምድጃውን ያጠፋል፣ ዝቅ ካለ ይለኩሳል። ሰው አይጠይቅም። የሰማውን ያምናል።

እሷን እዛ ነው ያገኘኋት። ስሟን አልጽፍም፤ አባቷ ማንበብ ይችላሉ። የባኮ ገበሬ ልጅ ናት፣ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፣ እሷም መዘምራን ውስጥ ነበረች። ከየሳጥኑ ናሙና እየወሰደች፣ ፈልፍላ፣ አሸዋ ውስጥ ትቀብርና ውሃ እያጠጣች የበቀለውን ትለቅማለች። ዘሩ ሞቷል ወይስ አለ የምትለው እሷ ናት። የገባሁ ዕለት፣ መሰላል ላይ ቆሜ አንድ አምፖል ስቀይር፣ ከታች መጣች።

"አዲሱ የመብራት ልጅ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ምነው፣ መብራት ጠፋብሽ?"

"መብራቱስ አለ። የጠፋው ሰላምታህ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወጣህ ገባህ፣ አንድ 'አካም ቡልቴ' የለም። አምቦ ሰላምታ በኩፖን ነው እንዴ የሚሰጠው?"

ከዛን ቀን ጀምሮ ስሜ "አምቦ" ሆነ። "አምቦ፣ ና ብላ"፣ "አምቦ፣ ምን ትጮሃለህ"፣ "ይሄ አምቦ ዛሬ ደግሞ በማን ተናደደ?" ረቡዕና ዓርብ ሆን ብላ እርጎ ታመጣለች።

"ረቡዕ ነው እኮ" እላታለሁ።

"ሆድህ ቀን ይቆጥራል እንዴ?"

"የናንተ ሆድ ፊደልም አልቆጠረ።"

"ቶሌ፣ እንግዲህ ተርበህ ጽደቅ" ትልና ፊቴ ላይ ትጠጣዋለች። ያ እርጎ! እስከ ዛሬ ረቡዕ ሲደርስ ትዝ የሚለኝ ጾሙ አይደለም፣ ያ ነጭ ጢሟ ነው።

አንድ ቀን አባቷ በቆሏቸውን አምጥተው ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አስገለበጡ። ረጅም ሰውዬ ናቸው፣ ዝናብም ባይኖር ጃንጥላ የሚይዙ። እኔን ጨበጡኝና "ልጄ፣ አደራ" ብለው ሄዱ። እሷ ሳጥኑን ደገፍ ብላ ቆማ ቀረች።

"እዚህ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"በቆሎ።"

"እኔ ነኝ ያለሁት። አባቴ ቃል ገብቷል። ይሄ ዘር ሆኖ ካለፈ አምቦ ገብቼ ነርስነት እማራለሁ።"

"እህል ከሆነስ?"

"እህል ከሆነማ እዚሁ ከአንተ ጋር ቢንቢ እጠብቃለሁ" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ከዛ ግን ሂሳቡን ሠራሁት። በቆሎው ከዳነ ትሄዳለች። የምትሄደው ደግሞ የት ነው? እኔ ትቼው የመጣሁት ከተማ! በቆሎው ከሞተ እዚሁ ናት፣ ከነእርጎዋ። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከዛ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ አንድ ኢንጅነር ከአዲስ አበባ መጥቶ ለፋኑ ድራይቭ የሚባል ሳጥን ገጠመ። የፋኑ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከባድ ስለሆነ በየጊዜው ይቃጠል ነበር፤ ድራይቩ ቀስ አድርጎ ያስነሳዋል፣ ፍጥነቱንም እንደፈለግክ ታረገዋለህ። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ኤሌክትሪኩን እንደ ሽንኩርት እየከተፈ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው። በሰከንድ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ! ፋኑ ድሮ ያጓራ ነበር፤ ከድራይቩ በኋላ ግን ያፏጫል። ሁሉም ሰላም ነበር። ኢንጅነሩም ስልኩን ሰጥቶኝ ሄደ።

የአባቷ በቆሎ በገባ ዕለት እንግዳ ይመጣል ተባለ።

እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚሆን የኛን አገር መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ያውቃል። ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ለዓመት ያልታየ ጋዋን ከካርቶን ይወጣል። ከበሩ እስከ ማድረቂያው ያለው ድንጋይ በሙሉ ነጭ ሆነ፤ አንድ እዛ የተኛ ውሻ ራሱ ለትንሽ ነው ያመለጠው። ማናጀሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲዞር ሲዞር የኔ ግድግዳ ስር ደረሰ።

"ይሄ ምንድነው እንደ ሐረግ የተንጠለጠለው?"

"የቴርሞካፕሉ፣ የሴንሰሩ ሽቦ ነው፣ ኦቦ።"

"ያስጠላል! እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር! ሁሉንም ሰብስብና አንድ ላይ አሳምረው።"

ነጭ የፕላስቲክ ትራንኪንግ፣ ሽቦ የሚያልፍበት ቦይ በሉት፣ ተገዛልኝ። የድራይቩን ወፍራም ኬብል፣ የምድጃውን ሽቦ፣ የሴንሰሩን ክር፣ ሁሉንም እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ አስሬ እዛ ውስጥ አስተኛሁት። ክዳኑን ጭምቅ! ግድግዳው የሙሽራ ቤት መሰለ። ማናጀሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አየህ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለኝ።

በማግስቱ ሁለተኛውን ሳጥን አስነሳን። የአባቷን። ምድጃው ተለኮሰ፣ ፋኑ ፉጨቱን ጀመረ፣ እኔም ቀዩን ቁጥር አየሁ። ሠላሳ አራት። ስድሳ አንድ። ሃያ ሁለት። ሰባ። አርባ አምስት። ቁጥሩ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ሰባ ሲል ማሽኑ ደንግጦ ምድጃውን ያጠፋል፤ ሃያ ሁለት ሲል በረደው ብሎ ይለኩሳል። ፋኑን አጠፋሁት። ቁጥሩ ሠላሳ አራት ላይ ቁጭ አለ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ፋኑን አስነሳሁት። ፌንጣ!

ማናጀሩ "ሴንሰሩ ተበላሽቷል" አለ። አዲስ አመጣን። እሱም ዘለለ። "ማሳያው ነው" አለ። ከሌላው ሳጥን አምጥቼ ቀየርኩት። ዘለለ። በመጨረሻ ማናጀሩ ላቡን እየጠረገ "እንግዲያው መቆጣጠሪያውን ንቀለውና ምድጃው ዝም ብሎ ይንደድ" አለኝ።

"ኦቦ፣ ዝም ብሎ ከነደደ በቆሎው ቆሎ ይሆናል።"

"ካልነደደ ደግሞ ይሻግታል! ምን ላርግ? ጸሎት ላድርግ?"

እሱም እውነቱን ነው። እሷ በዚህ መሀል አንድ ቆረቆንዳ ከሳጥኑ አውጥታ ታሸታለች። ዘር የሚያደርቅ ሰው የሚፈራው አንድ ሽታ ነው፣ የተቆላ በቆሎ ሽታ። ለሌላው ሰው ያ ሽታ ምራቅ ያስውጣል፤ ለኛ የሬሳ ሽታ ነው።

"ገና አልሸተተም" አለች። ፊቷ ግን ከኖራው ድንጋይ ነጥቷል።

አባቷም መጡ፤ ወሬ ባኮ ላይ ባጃጅ አያስፈልገውም። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጥሩ ፊት ቆሙ።

"ልጄ፣ ይሄ ቀዩ ምን ይላል?"

"ውሸት ይላል፣ አባ።"

"ማን አስተማረው?"

ወጣሁና ለኢንጅነሩ ደወልኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

"ሽቦዎቹን በየት ነው ያሳለፍካቸው?"

"በአንድ ትራንኪንግ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ብታየው ያምራል።"

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "ያምራል" አለ፣ "አዎ፣ ያምራል። ስማኝ ወንድሜ። የድራይቩ ኬብል በከተፈ ቁጥር ዙሪያውን ይጮሃል። አንተ አትሰማውም። የሴንሰሩ ሽቦ ግን ጎኑ ተኝቶ ይሰማዋል፤ የራሱን ሹክሹክታ ትቶ የሱን ጩኸት ነው ይዞ የሚሄደው። አውጣው። በሌላ ግድግዳ ውሰደው። የግድ መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይቋረጡ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ሽቦውን የሸፈነው የብረት መረብ ልብስ ደግሞ ከመሬት ጋር የሚታሰረው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። በሁለቱ ካሰርከው ሌላ ጣጣ ነው።"

ይኸው ነው። ሰውዬው ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ አየው፤ እኛ አፍንጫችን ስር ያለውን አላየንም፣ ምክንያቱም ያምር ነበር።

ሮጬ ለማናጀሩ ነገርኩት። እሱ ግን ነጩን ግድግዳ አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

"እንግዶቹ ነገ ናቸው" አለ። "ነገ ይምጡ፣ ይሂዱ፣ ከዛ ታወጣዋለህ።"

"ኦቦ፣ በቆሎው እስከ ነገ ማታ አይጠብቅም። እርጥብ ነው፣ ሞቋል፣ ፋኑ ቆሟል። ይሻግታል።"

"ግድግዳውን አፍርሼ እንግዳ ልቀበል?"

"እንግዳው የሚመጣው በቆሎ ሊያይ ነው ወይስ ግድግዳ?"

"አፍህን ሰብስብ!"

"እሱንም ትራንኪንግ ውስጥ ላስገባልህ?"

"ውጣ! ነካህ ማለት ነገ እዚህ ሥራ የለህም። ሰማህ?"

ወጣሁ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ልንገራችሁ፣ ያን ሰዓት በጭንቅላቴ የዞረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ታዝዣለሁ እኮ! አትንካ ተብያለሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማንም አንድ ቃል አይናገረኝም። በቆሎው በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ማናጀሩ ይወቀሳል፣ እሷ ደግሞ እዚሁ ናት። ነገም ናት፣ ከነገ ወዲያም። እሷን ለማጣት መሥራት የሚያስፈልግበት፣ ለማግኘት መቀመጥ ብቻ በቂ የሆነበት ቀን በሕይወቴ ያ ብቻ ነው።

መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ምን ታስባለህ?"

"ምንም።"

"አንተ አስበህ አታውቅም። ወይ ትናገራለህ ወይ ትበላለህ። ዛሬ ሁለቱንም አላየሁም።"

ከጆንያው አንድ ክር መዘዝኩ።

"አምቦ" አለች፣ ድምጿ ቀነሰ። "ብትተወው እቀራለሁ፣ አይደል?"

"ትቀሪያለሽ።"

"እና?"

ዞር ብዬ አየኋት። ስታለቅስ ባገኛት ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም። እንደ አባቷ ቀጥ ብላ ቀዩን ቁጥር ነበር የምታየው።

"እና ካቻቢቴውን አቀብይኝ" አልኳት።

ትራንኪንጉን ስገነጥለው የወጣው ድምፅ አሁንም ደስ ይለኛል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ማሰሪያዎቹን በፒንሳ በጠስኳቸው። የሴንሰሩን ሽቦ ከመሀል መዝዤ አወጣሁት። በዛኛው ግድግዳ እንዳላስኬደው በሩ አለ፤ ስለዚህ በውጭ፣ በግቢው ላይ አሻገርኩት፣ ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ ከማንጎው እስከ ሳጥኑ። ልብስ ማስጫ ገመድ መሰለ። እሷ ከኋላዬ ሽቦውን እየለቀቀች ትከተላለች። የመረቡን ልብስ በአንድ ጫፍ ብቻ አሰርኩት፣ በማሳያው በኩል። ከዛ ገባሁና ፋኑን አስነሳሁት።

ሠላሳ ሦስት።

ፉጨቱ እየጨመረ መጣ። ሠላሳ ሦስት። አባቷ ጃንጥላቸውን በሁለት እጅ ጨብጠዋል። ሠላሳ አራት። ምድጃው ተለኮሰ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት፣ በሥርዓቱ፣ እንደ ሰው ደረጃ እየወጣ። ሠላሳ ስምንት ላይ ቁጭ አለ።

"አሁንስ ምን ይላል?" አሉ አባቷ።

"አሁን እውነት ይላል፣ አባ።"

ትከሻዬን ያዙና በኦሮምኛ መረቁኝ። አሜን አልኩ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ማናጀሩ ሽቦውን ሲያየው ፊቱ እንደ ቃሪያ ሆነ፤ ግን እንግዳ ፊት አይጮህ ነገር። አንዱ እንግዳ ቀና ብሎ ማንጎው ላይ የሄደውን ሽቦ አየና "ይሄ ምንድነው?" አለ። ማናጀሩ ትንሽ አሰበና "አዲስ አሠራር ነው" አለ። እንግዳውም ፎቶ አነሳው! ሥራዬ የተረፈው በዛች ፎቶ ነው። አዲስ አሠራር ያመጣ ሰው እንዴት ይባረራል?

ከሳምንት በኋላ እሷ በእጇ ጠራችኝና የአሸዋውን ሳጥን አሳየችኝ። ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ፣ እንደ መርፌ፣ ተሰልፎ ቆሟል። አንድም አልቀረ ማለት ይቻላል። አንዷን በጣቷ ነካ አድርጋ "ይኸው እኔ" አለች።

በጥር ሄደች። ባኮ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩ። አባቷ ስለነበሩ ብዙ ማውራት አልተቻለም። መስኮቱ ስር ቆሜ "አምቦን ሰላም በይልኝ" አልኳት።

"ማንን ልበልልህ?"

"ብርዱን።"

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደዛ አዞረች። አውቶብሱ ሄደ። የባኮ አቧራ ቶሎ አይወርድም፤ አቧራው እስኪወርድ ቆሜ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ናፍቆት ነው፣ ምኑን ልጻፈው። የተገላበጠ ናፍቆት። ሰው ከአገሩ ሲወጣ አገሩ ይናፍቀዋል፤ እኔ አገሬ ውስጥ ያለች የሰው አገር ልጅ ናፈቀችኝ። ትደውላለች። "ዛሬ በሰፈርህ አለፍኩ" ትለኛለች። "ዛሬ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ላይ ሰው ቆሞ ያያል።" "ፍል ውሃ ሄደን ዋና ያቃተው እኔን ብቻ።" ልጅ ሆኜ የረገጥኩትን ሁሉ ከሷ አፍ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ምን አለኝ? "ዛሬም ሠላሳ ስምንት ነው" እላታለሁ። "ሠላሳ ስምንት ጥሩ ነው" ትለኛለች። ለበዓል ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትወጣ ያቺን 'አካም ቡልቴ' ራሱ ረሳኋት።

ቀጥሎ ኔትወርኩ የጠፋበት ጊዜ መጣ። በኛ በኩል የነበረ ያውቀዋል። መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ ነገ አይደለም። ቁጥሯን እየደጋገምኩ እደውላለሁ፤ ያቺ የማሽን ሴትዮ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ትለኛለች። ማንም ሰው ላይ እንደሷ አልተናደድኩም። ማድረቂያውም በዛው ቆመ፤ ዘር የሚያመጣ ገበሬ ቢኖርም የሚወስድ መኪና የለም። ዕቃዬን ሰብስቤ አምቦ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ኮሌጁ በር ላይ ነው። ዘበኛው "እነሱማ ጨርሰው ሄዱ" አለኝ። ሸነን ጤና ጣቢያ ተመድባለች። እኔ ባኮ ሆኜ እሷ አምቦ፣ እኔ አምቦ ስደርስ እሷ ሸነን! ሰው ከሰው ጋር እንዲህ ድብብቆሽ ይጫወታል?

"ሸነን ሩቅ ነው እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጠዋት የወጣ ሰው ከሰዓት ይገባል። ግን በምን ሰበብ ልሂድ? በኛ አገር ወንድ ልጅ ያላገባች ሴት ወደምትሠራበት ዝም ብሎ አይሄድም፤ ዘመድ መታመም አለበት፣ ወይ ዕቃ መላክ አለበት፣ ወይ ልቅሶ። እሷ የቤተክርስቲያን ልጅ ናት፣ ያውም የሌላ ቤተክርስቲያን። ሸነን ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከመኪና የወረደ ሰው ሻይ ሳይጠጣ ወሬው ጤና ጣቢያ ይደርሳል። "ማን ነው? የማን ነው? ምን ሊያረግ መጣ?" ናፍቆኝ ነው ይባላል እንዴ? ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ እንደዋወላለን፤ ግን ወሬያችን ጨዋ ሆኗል። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ አባ ደህና ናቸው፣ ይመስገን። እርጎ የለበትም።

አምቦ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። ፍሪጅ፣ ሶላር፣ ኢንቨርተር፣ የተቃጠለ ነገር ሁሉ እጠግናለሁ። ዓመታት ሄዱ። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ የአንድ ሆቴል ፍሪጅ ገልብጬ ስፈታ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

"አምቦ፣ ሥራ ላይ ነህ?" ድምጿ ይቸኩላል።

"ምን ሆንሽ?"

"የክትባቱ ፍሪጅ ቁጥሩ ይዘላል። አራት የነበረው ዘጠኝ ይላል፣ አሥራ ሁለት ይላል፣ ደግሞ ከዜሮ በታች። ሕፃናት ነገ ይመጣሉ፤ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብዬ ልጣለው ወይስ ምን ላርግ? ትናንት ለሶላሩ አዲስ ኢንቨርተር ገጥመውልን ነበር።"

"የት ነው ያስቀመጡት?"

"እዛው ከፍሪጁ አጠገብ።"

"ሽቦዎቹስ?"

"አንድ ላይ አስረዋቸዋል" አለች። "ያምራል።"

ሁለታችንም ሳቅን። እንደ ድሮው። ሳቁ ሲያልቅ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ "በስልክ አይሆንም፣ መጥቼ ልየው" በል የሚል። ስንት ዓመት የፈለግኩት ሰበብ ይኸው! ግን ነገ ሕፃናት ይመጣሉ አለች። መኪና እስኪገኝ፣ እስክደርስ፣ እሷ በጭንቀት መድኃኒቱን ደፍታው ይሆናል። ያ ጆንያ ላይ የተቀመጥኩበት ቀን መጣብኝ። ደግሞ ያው ፍርድ!

"መቀስ ያዢ" አልኳት። "ማሰሪያውን ቁረጪ። የፍሪጁን ቀጭን የሴንሰር ሽቦ ለይተሽ በዛኛው ግድግዳ ውሰጂው። የኢንቨርተሩን እንዳትነኪ፤ ቀጭኑን ብቻ። ከዛ አንድ ተራ ቴርሞሜትር ፍሪጁ ውስጥ ካለ አመሳክሪው።"

ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ መቀሱን ሰማሁ፣ በኦሮምኛ አንድ ሰው ላይ ስትጮህ ሰማሁ። ተመለሰች።

"አራት ይላል። ተራውም አራት ነው።"

"ጎበዝ። አሁንስ?"

"አራት።"

"ትንሽ ቆይና እይው።"

ቆየች። እኔ በሱቄ በር ወደ ውጭ አያለሁ፤ ጭጋጉ ገና አልተነሳም። አለቀ ማለት ነው፤ አሁን ገለቶማ ብላ ታመሰግነኛለች፣ አባ ደህና ናቸው እንባባላለን፣ ትዘጋዋለች።

"አሁንስ?" አልኳት።

"ይዘላል" አለች።

"ስንት ገባ?"

"አራት። ግን ይዘላል።"

"አራት ላይ ሆኖ ነው የሚዘለው?"

"ቴክኒሻኑ አንተ ነህ እኔ?" አለች፣ ያቺ የመሰላሉ ስር ልጅ፣ ያው ድምፅ። "ይዘላል አልኩህ። ለኃላፊያችንም ነግሬዋለሁ፤ የአምቦው ቴክኒሻን መጥቶ ያየዋል ብዬ። ሁሉም ሰምቷል። ና።" ከዛ ቀስ ብላ ደገመችው፣ በሷ ቋንቋ፤ "ኮቱ።"

የሆቴሉን ፍሪጅ እንደተገለበጠ ትቼ ሱቁን ዘጋሁት። ፒንሳና ካቻቢቴ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። መናኸሪያ ስደርስ የሸነኑ ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይልጣል።

"መቼ ነው የሚወጣው?" አልኩት።

"ሲሞላ።"

"መቼ ነው የሚሞላው?"

"እኔ ነቢይ ነኝ?" አለና ቦርሳዬን አየ። "ሸነን ምን አለህ፣ እንዲህ የሚያስቸኩል?"

"ፍሪጅ አለኝ። ቁጥሩ ይዘላል።"

ገባሁና ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። ባዶዎቹን ወንበሮች አየኋቸው፣ እነሱም አዩኝ። ስንት ዓመት ጠብቄ ይቺን መጠበቅ አቃተኝ። ወረድኩና ከረዳቱ ጎን ቆሜ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ፤

"ሸነን! ሸነን! ሸነን ሊወጣ ነው! የሞላ!"